አረፋው በየትኛው በር ገባ? የሐሞት ቧንቧን በኮንትራስት አልትራሳውንድ ማየት

የምሠራው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ራዲዮሎጂ ክፍል ነው። አልትራሳውንድን የወደድኩት ግን አዲስ አበባ ተማሪ እያለሁ ነው። አገር ቤት ያሉ ሬዚደንቶችና ሶኖግራፈሮች በቴሌግራም ይጽፉልኛል። ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ ተደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው፦ "ኮንትራስት ሰጥተን የሐሞት ቧንቧው ለምን አይበራም?"

ኮንትራስት ማለት ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት ነው፤ የአልትራሳውንዱ ከጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሠራ ነው። እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቄያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንትራስት በደም ሥር ስሰጥ ዓይኔን የሐሞት ቧንቧው ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ጉበቱ በራ። የጉበት አርተሪው (ከልብ በኩል ደም የሚያመጣለት) በራ፣ ፖርታል ቬኑ (ከአንጀት በኩል ደም የሚያመጣለት) በራ። ቧንቧው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የተተከለው መርፌ መስጫ) ከደም ሥር የወጣ መስሎኝ ክንዱን ዳበስኩ። አጠገቤ የነበረው አስተማሪዬ ረጋ ብሎ "አረፋው በየትኛው በር ነው የገባው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ማንኛውንም የሐሞት ቧንቧ ምርመራ የምጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ብዙ ስህተት ይቀርላችኋል።

ሁለቱ በሮች

እኛ ጋ የምንጠቀመው ሶኖቪው ነው። የጣሊያኑ ብራኮ ኩባንያ ነው የሚሠራው። አውሮፓ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ሉማሰን በሚል ስም ታገኙታላችሁ። አረፋው ውስጥ ያለው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ በስስ የቅባት ልባስ ተጠቅልሏል። አንዷ አረፋ በአማካይ 2.5 ማይክሮ ሜትር ትሆናለች። ቀይ የደም ሴል 7 ወይም 8 ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ አረፋው ደም የሚሄድበት ሁሉ ይሄዳል፣ በሳንባም በኩል ያልፋል። ከደም ሥር ግን አይወጣም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሲቲ ስካን ኮንትራስት ከደም ሥር ወጥቶ ወደ አካሉ ሥጋ ይሰርጋል። አረፋው አይሰርግም። ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል። ኩላሊት አያጣራውም፤ ጉበትም ወደ ሐሞት አይጥለውም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከኤምአርአይ ይመስለኛል። ፕሪሞቪስት የሚባለው የኤምአርአይ ኮንትራስት ግማሽ ያህሉ በጉበት በኩል ወደ ሐሞት ይወጣል፤ ቧንቧውንም ያበራዋል። አረፋው እንዲህ አያደርግም።

እንግዲህ በር አንድ ደም ሥር ነው። በዚህ በር ስትገቡ የቧንቧው ውስጥ ጥቁር ይሆናል። የሚበራው ግድግዳው ነው፤ ዕጢ ካለም ዕጢው። በር ሁለት ራሱ ቧንቧው ነው። በጉበት በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶለት ሐሞቱ ወደ ውጭ የሚፈስ ታካሚ ካለ፣ አረፋውን በካቴተሩ ትሰጣላችሁ። ያን ጊዜ የቧንቧው ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይበራል። የመጀመሪያው በር "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ለሚለው መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ደግሞ "መንገዱ ክፍት ነው ወይ?" ለሚለው። ጥያቄያችሁን ሳታውቁ ጠርሙሱን አትክፈቱ።

ከኮንትራስቱ በፊት

ይሄ ክፍል ኮንትራስት እጃቸው ላይ ለሌለም ይጠቅማል። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ከግማሽ በላይ እዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ዓቢይ ጾም ላይ አንዲት እናት መጡልኝ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከጎንደር የመጡ ናቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል። ልጃቸው "የወፍ በሽታ ነው ብላ አገር ቤት ሥር ልትጠጣ ነበር" አለችኝ። ከሌላ ቦታ የመጣው ወረቀት ላይ "የሐሞት ቧንቧ ውስጥ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም" የሚል ተጽፏል። ልጅቷ ያንን ቃል አንብባ ሌሊቱን አልተኛችም።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?" አልኳቸው።

"ምን እቀምሳለሁ ልጄ፣ ጾም አይደል እንዴ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።"

ከምርመራው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ባዶ ሆድ መሆን ያስፈልጋል። ከእሳቸው የበለጠ ተዘጋጅቶ የመጣ ታካሚ አላውቅም። ሌሎቻችን ግን "ምንም አልበላሁም" እንልና ቡና ጠጥተን እንመጣለን። ቡና የሐሞት ከረጢቱን ያኮማትረዋል፣ ያለ ወተትም ቢሆን። ስለዚህ ሐበሻ ታካሚ ሲመጣ ስለ ቡና ለይታችሁ ጠይቁ። "ምግብ" ሲባል ቡናን የሚቆጥር የለም።

ከዚያ በግራ ጎናቸው አስተኟቸው። ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያድርጉ፤ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ይከፈታል። ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለውን ጎባጣውን ፕሮብ (ሰውነት ላይ የምናስኬደውን መቃኛ) እጠቀማለሁ። "አየር በደንብ ይሳቡ… ይያዙት…" ስትሉ ጉበቱ ወደ ታች ይወርድና መስኮት ይሆናችኋል። እማማን መጀመሪያ የተቀበላቸው ባለሙያ በጀርመንኛ ነበር የሚነግራቸው። ትንፋሻቸውን መያዝ ሲገባቸው እየተነፈሱ፣ ምስሉ ሁሉ ተንቀሳቅሶበት ነበር። በአማርኛ ስነግራቸው በሦስተኛው ትንፋሽ ቧንቧው ቁልጭ ብሎ ወጣ። አስተርጓሚ ጥሩ ከሆነ ምስሉም ጥሩ ይሆናል።

የጉበቱ በር (ቧንቧውና ደም ሥሮቹ ጉበቱን የሚያገኙበት ቦታ) ላይ ፕሮቡን አዙራችሁ ሦስቱን ቧንቧዎች በአግድም ቁረጧቸው። ሁለት ጆሮ ያለው ፊት ይመስላል። ፊቱ ፖርታል ቬን ነው። በታካሚው ቀኝ በኩል ያለው ጆሮ የሐሞት ቧንቧ፣ በግራ በኩል ያለው የጉበት አርተሪ። ካላመናችሁ ቀለሙን፣ የደም ፍሰትን የሚያሳየውን ዶፕለር አብሩት። ቀለም የማይገባበት ጆሮ የሐሞት ቧንቧው ነው።

ስትለኩ ከውስጠኛው ግድግዳ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ለኩ። ዋናው ቧንቧ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ ሰላም ነው። ዕድሜ ሲገፋ ትንሽ ይሰፋል፤ ከ60 በኋላ በየአሥር ዓመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨምሩለት። የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢኖረው አልደነግጥም። ጉበት ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ከፖርታል ቬኑ ጎን ለጎን እንደ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሆነው ከታዩ ሰፍተዋል ማለት ነው።

የእማማ ዋና ቧንቧ 13 ሚሊ ሜትር ነበር። የጉበታቸው ውስጥ ቧንቧዎችም ሰፍተዋል። ቁልቁል ስከተለው ወደ ቆሽቱ ራስ ሲቃረብ ውስጡ ግራጫ ነገር ሞልቶታል፤ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከኋላው ጥላ የለውም። ዶፕለር ውስጡ ምንም ቀለም አላሳየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶፕለር ቀለም አለማሳየቱ "ዕጢ አይደለም" ለማለት አይበቃም። ጥልቅ ቦታ ነው፣ የዕጢ ደም ሥሮችም ቀጫጭን ናቸው፣ ደሙ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ዶፕለርን ይሄ ያመልጠዋል። ለኮንትራስቱ ሥራ የሚኖረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

የታችኛውን ጫፍ ጋዝ ከሸፈነባችሁ፣ አብዛኛው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠጥቶ ጥቂት መጠበቅ ይረዳል። እማማን ግን ውኃ ይጠጡ ማለት ከበደኝ። በፕሮቡ ቀስ እያልኩ ተጫንኩ፣ ወደ ቀኝ ጎናቸው አዞርኳቸው፣ እንደገና መለስኳቸው። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ጋዙ ሸሸና ጫፉ ታየ። የቸኮለ ሰው ይሄን ቦታ አያየውም።

በር አንድ፦ በደም ሥር

ካኑላው 20 ጌጅ፣ ሮዙ ይሁን። ሰማያዊው ቀጭን ስለሆነ አረፋውን ሊሰባብረው ይችላል። ታካሚው በግራ ጎኑ ስለሚተኛ ክንዱ እንዳይታጠፍ ወደ ፊት ዘርጉለት። ባለ ሦስት መንገድ መክፈቻ ካለው፣ ኮንትራስቱ በቀጥታው መስመር ይግባ፣ ሳላይኑ (የጨው ውኃው) በጎኑ። አረፋ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ይፈርሳል።

ጠርሙሱ ውስጥ 25 ሚሊ ግራም ነጭ ዱቄት አለ። 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ትጨምሩና 20 ሰከንድ አጥብቃችሁ ትንጡታላችሁ። ወተት የመሰለ ነጭ ይሆናል። ከተዘጋጀ በኋላ ለ6 ሰዓት ያህል ይሠራል። ቆም ካለ አረፋው ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት እንደገና ነቅንቁት። ይሄን የረሳ ሰው ከታች ያለውን ቀጭን ውኃ ሰጥቶ "ኮንትራስቱ አልሠራም" ይላል። በስሪንጅ ስትስቡትም በዝግታ ይሁን።

ለጉበትና ለሐሞት ቧንቧ እኔ 2.4 ሚሊ ሊትር እሰጣለሁ፤ የጠርሙሱ ግማሽ ማለት ነው። ወዲያው ተከትሎ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን። ግማሹ መቅረቱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ካመለጣችሁ ሁለተኛ ዕድል አላችሁ።

ማሽኑን ቀድማችሁ አዘጋጁ። የኮንትራስት ሞዱን ክፈቱ፣ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈል፦ በአንድ በኩል ተራው ምስል፣ በሌላው የአረፋው። ሜካኒካል ኢንዴክሱን (የድምፅ ሞገዱን ብርታት የሚያሳየውን ቁጥር) ከ0.1 በታች አውርዱ። ድምፁ ከበረታ አረፋው ይፈነዳል፣ የምታዩትን ራሳችሁ ታጠፋላችሁ። ፎከሱ ከምታዩት ነገር ዝቅ ይበል። ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ጉበቱ ጥቁር እስኪመስል ቀንሱ። ኮንትራስቱ ሳይገባ የሚያበራ ነገር ካለ የአረፋ ብርሃን አይደለምና አስታውሱት። ድንጋይና የቧንቧው ጠንካራ ግድግዳ እንዲህ ያታልላሉ።

ሳላይኑ መግባት ሲጀምር ሰዓቱን ተጫኑ፤ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው አርተሪው ይበራል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ላይ የፖርታል ቬኑ ጊዜ ይጀምራል፣ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። ከ2 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻው ጊዜ ነው፤ አረፋው እስኪያልቅ 4 ወይም 6 ደቂቃ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ፕሮቡን አንሱና በየ30 ሰከንዱ ብቻ መለስ እያላችሁ እዩ። አለበለዚያ አረፋውን ትጨርሱታላችሁ።

አሁን የእማማ ስክሪን ላይ እንመለስ። በ14ኛው ሰከንድ አርተሪው በራ። ከዚያ የቧንቧው ግድግዳ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ዙሪያውን በራ። ውስጡ ያለው ግራጫ ነገር ግን አንድም ነጥብ አልገባበትም። 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ። ጥቁር። ተራው ምስል ላይ ሥጋ የመሰለው ነገር ደም የለውም። ደም የሌለው ነገር ዕጢ አይደለም፤ ዝቃጭ ነው፣ የተጋገረ ሐሞት። ከሁለት ቀን በኋላ በኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ) ጠረጉላቸው፤ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ። ልጃቸው የስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዝቃጭ አገኘን ብላችሁ እዚያ አትቁሙ። ዝቃጩ የተጠራቀመው ከበታቹ የሆነ ነገር መንገዱን ስለዘጋው ሊሆን ይችላል። የግድግዳውን ክር እስከ መጨረሻው ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ከወፈረ፣ ከሌላው ቀድሞ ወይም አብልጦ ከበራ፣ ያንን ጻፉ። ጫፉን ማየት ካልቻላችሁ "አልታየም" ብላችሁ ጻፉና ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቧንቧ ኤምአርአይ) ወይም በኢንዶስኮፒ የሚደረገውን አልትራሳውንድ ጠይቁ።

የሚበራ ነገር ቧንቧው ውስጥ ካያችሁ ሌላ ወሬ ነው። ዕጢ በአርተሪው ጊዜ ይበራል፣ ከዚያ ከጉበቱ ቀድሞ ይደበዝዛል። የጉበቱ በር ላይ፣ የቀኝና የግራ ጉበት ቧንቧዎች የሚገናኙበት፣ ክላትስኪን የሚባለው ዕጢ አለ። ተራው አልትራሳውንድ ላይ ብዙ ጊዜ ዕጢው ራሱ አይታይም፤ የምታዩት ቧንቧዎቹ ሰፍተው መሃል ላይ ድንገት ሲቆረጡ ነው። ኮንትራስት ስትሰጡ ግን በፖርታልና በመጨረሻው ጊዜ ጉበቱ ነጭ ሆኖ ዕጢው ጠቆር ይልና ዳሩ ይለያል። ከጉበቱ ውስጥ የሚነሳው የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት ይበራል፣ ከ60 ሰከንድ በፊትም መደብዘዝ ይጀምራል።

ፖርታል ቬኑንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ውስጡ የረጋ ደም ካለ፣ ተራ የደም መርጋት አይበራም፤ ዕጢ የገባበት ይበራል። ለቀዶ ሐኪሙ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከዚያ 2 ደቂቃ ሲያልፍ ጉበቱን ከዳር እስከ ዳር ጥረጉት። ጥቁር ጉድጓድ የመሰለ ቦታ ካለ የተዛመተ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ይሄን የመጨረሻ ዙር ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ቧንቧውን አይቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። የማይሠራውን ቀዶ ሕክምና የሚያስቀረው ይሄ ሁለት ደቂቃ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወስፋት የሐሞት ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ኮንትራስት አትፈልጉም። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ነጭ መስመሮች፣ መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ጥላ የሌለው። በሕይወት ካለ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ፕሮቡን አንድ ቦታ ይዛችሁ ጠብቁ። እዚህ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ እናንተ በዚህ ትበልጧቸዋላችሁ።

ሌላው የግድግዳው ጉዳይ ነው። ጉበት የተተከለለትን ሰው እዚህ በየጊዜው እናያለን። ጉበት ደሙን ከሁለት ቦታ ያገኛል፣ ከአርተሪውና ከፖርታል ቬኑ። የሐሞት ቧንቧው ግን የሚኖረው በአርተሪው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጉበት ላይ አርተሪው ከተዘጋ ጉበቱ ደህና መስሎ ቧንቧው ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ አርተሪው መብራቱን እዩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያ ቀጭን ክር አለ ወይ? ከሌለ ወይም ተቆራርጦ ከታየ ለንቅለ ተከላ ቡድኑ ያኔውኑ ደውሉ፤ ሪፖርቱ እስኪጻፍ አትጠብቁ።

በር ሁለት፦ በካቴተሩ

ይሄ አጠቃቀም በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ለሐሞት ቧንቧ የተፈቀደ ተብሎ አልተጻፈም። የአውሮፓ የአልትራሳውንድ ማኅበራት ፌዴሬሽን ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ አረፋን በካቴተር ወደ ሰውነት ክፍተቶች መስጠትን አካቶታል። ለታካሚው ይሄን ንገሩት፣ ፈቃዱን ጠይቁ።

የምወደው አንድ ምክንያት አለኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ፣ መተንፈሻ የተገጠመለት ሰው ራጅ ወዳለበት ክፍል መውሰድ አደጋ አለው። አልትራሳውንዱ ግን ወደ አልጋው ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ብትሆንም ጨረር የለውም።

መጠኑ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። በደም ሥር 2.4 ሚሊ ሊትር ሰጥታችሁ ስለለመዳችሁ እዚህም እጃችሁ ይሄዳል። በካቴተር የሚበቃው ጥቂት ጠብታ ነው። እኔ 0.1 ሚሊ ሊትር በ20 ሚሊ ሊትር ሳላይን አቀጥናለሁ። ከበዛ የፊተኛው አረፋ ጥቅጥቅ ብሎ ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይሸፈናል። ካነሰ መጨመር ይቻላል። ከበዛ ግን መጠበቅ ነው፤ ሐሞት ውስጥ ያለ አረፋ ደም ውስጥ እንዳለው ቶሎ አይጠፋም።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ንጹሕ ጓንት፣ የካቴተሩን አፍ በአልኮል። ከዚያ መጀመሪያ ሐሞቱን ሳቡ። ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ። የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለው ሐሞት ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ አለው። ሳትቀንሱ ከላዩ ፈሳሽ ብትጨምሩበት ግፊቱ ባክቴሪያውን ወደ ደም ይገፋዋል። ታካሚው ማታ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጥቂት ሳቡ፣ ከሳባችሁት ያነሰ ስጡ፣ በዝግታ ስጡ። 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። እጃችሁ ላይ መግፋቱ ከከበደ ወይም ታካሚው ካመመው አቁሙ። ትኩሳት ያለበት ሰው ከሆነ አንቲባዮቲኩ ቀድሞ መጀመሩን አረጋግጡ፤ እሱ ላይ ተቸኩሎ መሥራት አይገባም።

አሁን ስክሪኑን እዩ። መጀመሪያ ካቴተሩ ራሱ ይበራል። ከዚያ የገባበት ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ጥያቄዎቹን በየተራ ጠይቁ። አረፋው ከቀኙ ወደ ግራው ጉበት ተሻገረ? ካልተሻገረ ግራው ለብቻው ተዘግቷል፤ አንድ ካቴተር አይበቃውም ማለት ነው። ክላትስኪን ዕጢን በቢስሙት ደረጃ ስንመድብ የምንጠይቀውም ይሄንኑ ነው፦ ዕጢው ከመገናኛው በታች ነው፣ መገናኛው ላይ ነው፣ ወደ አንዱ ጎን ገብቷል፣ ወይስ ወደ ሁለቱም? ሌላው፣ አረፋው ዋናውን ቧንቧ ወርዶ ዱኦዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ደረሰ? ከደረሰ መንገዱ ክፍት ነው። አንጀቱ ውስጥ ሲፈነጥቅ በግልጽ ይታያል።

ከቧንቧው ውጭ፣ ከጉበቱ ሥር ወይም ሆዱ ውስጥ አረፋ ከታየ ሐሞት እየፈሰሰ ነው። የሐሞት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የሚመጣ ፍሳሽን በዚህ መንገድ አይቻለሁ። በካቴተሩ ዙሪያ ብቻ ተጠራቅሞ ከቀረ ደግሞ ካቴተሩ ከቦታው ወጥቷል። ፖርታል ቬኑ ወይም የጉበት ቬኖቹ በድንገት ከበሩ ወዲያው አቁሙ፤ ካቴተሩ ከደም ሥር ጋር ተገናኝቷል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። እንደ ራጁ ኮላንጂዮግራም (በኮንትራስት የሚነሳ የሐሞት ቧንቧ ራጅ) ዛፉን ሙሉ በአንድ ምስል አይሰጣችሁም። በቁራጭ በቁራጭ ነው የምታዩት፤ ጋዝ ከሸፈነው ደግሞ የለም። የተወሳሰበ ቧንቧ ላለው ቀዶ ሐኪሙ አሁንም ኤምአርሲፒውን ይፈልጋል። ሁለቱንም በሮች በአንድ ታካሚ ላይ ከፈለጋችሁ የደም ሥሩን አስቀድሙ። የመጨረሻውን ዙር ጨርሳችሁ፣ ጉበቱ ጠቁሮ፣ ከዚያ በካቴተሩ ስጡ። በተቃራኒው ከሠራችሁት ቧንቧው ውስጥ የቀረው አረፋ ዕጢ የበራ አስመስሎ ያታልላችኋል።

አለርጂና ልብ

ኮንትራስቱ አዮዲን የለውም። ኩላሊት አይጎዳም፤ ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) አንጠብቅም። ጣሊያን ውስጥ በ28 ማዕከላት በ23,188 ምርመራ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከባድ ችግር ያገኘው በሁለት ሰው ላይ ነው፤ የሞተ የለም። ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። አድሬናሊኑ በእጃችሁ ርቀት ይሁን። ታካሚውን ከመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ከዓይናችሁ አታርቁት። መድኃኒቱ ውስጥ ማክሮጎል ስላለ፣ ለአንጀት ማጽጃ በተሰጠው ዱቄት ሰውነቱ ያበጠ ወይም ያሳከከው እንደሆነ ጠይቁ። የቅርብ ጊዜ የልብ ሕመም፣ ከባድ የሳንባ ደም ግፊት፣ ያልተያዘ የደም ግፊት፣ በልብ ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያሻግር ቀዳዳ ካለ፣ እኔ በደም ሥር አልሰጥም፤ መጀመሪያ የልብ ሐኪሙን አነጋግራለሁ።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት

ሪፖርቱ ላይ በየትኛው በር እንደሰጣችሁ፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንተኛው ሰከንድ ምን እንደበራ ጻፉ። ያላያችሁትንም ጻፉ።

በካቴተር የሠራችሁ ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። መክፈቻውን ወደ ከረጢቱ መልሱ። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ ስሠራ፣ ከምርመራ በኋላ ተዘግቶ ያደረ ካቴተር አጋጥሞኛል። ሰውዬው ጠዋት ትኩሳቱ 39.5 ነበር። ከዚያ ወዲህ መክፈቻውን መልሼ ብቻ አልሄድም። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ሐሞቱ በቱቦው ውስጥ ወርዶ ከረጢቱ ውስጥ ጠብ ሲል በዓይኔ ሳየው ነው ፕሮቡን ጠርጌ የምነሳው።